ባዶዋ ጠርሙስ የት ገባች?

የካቲት 28

ለተከበሩት አጎቴ፣ ለእሳት ማጥፊያ መርማሪው፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ቆመው ከሆነ ይቀመጡ፤ ተቀምጠው ከሆነ ደገፍ ይበሉ። እትዬንም ይጥሯትና አጠገብዎ ትሁን። ከባድ መርዶ ነው የማረዳዎት።

ክብር ሞተ። የሥራ አስኪያጃችን ክብር ለረጅም ጊዜ ሲያቃስት ቆይቶ፣ ባለፈው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ በገዛ ቢሮው፣ በገዛ ወንበሩ ላይ በድንገተኛ ፍንዳታ ከዚህ ዓለም ተለይቷል። ለቀስተኞቹ አምስት ፈረስ አጣቢዎችና አንዲት ድመት ነበርን። ድመቷ የሸሸችበት እስካሁን አልታወቀም።

ደነገጡ አይደል? እንኳን ደነገጡ። አሁን ሰላምታዬን ይቀበሉ። እንደምን ከረሙ ጋሼ? ያ ደህናው ጆሮዎ ደህና ነው? የሌላውን አልጠይቅም፤ እሱን የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ፈንድቶ ከወሰደብዎ ቆየ። ግን በጆሮ አሳበው በስልክ አላወራም ማለትዎ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ በሚፈጅ ፖስታ እኔን ማስለፋትዎ ደግ አይደለም። «በስልክ ትዋሺኛለሽ፣ ወረቀት ላይ ግን እይዝሻለሁ» ብለዋል። እስቲ ይያዙኝ።

ሥራው ያው ነው። ጠዋት ፋንድያ አወጣለሁ፣ ፈረስ አጥባለሁ። ከሰዓት የታጠበው ፈረስ ፋንድያው ላይ ይንከባለላል፣ እንደገና አጥባለሁ። አዲስ ነገር ቢኖር ውድድሩ ነው። ዱሮ የሦስት ቀን ውድድር ነበር። መጀመሪያ ፈረሱ በሥርዓት ይራመዳል፤ በማግስቱ ሜዳ ወጥቶ ግንድና ቦይ ይዘላል፤ በመጨረሻው ቀን ባለቀለም አግዳሚ ይዘላል። አሁን ተመልካቹ ሰለቸው ተባለና ሦስቱ ቀን ተጨፍልቆ አንድ ሰዓት ሆነ፤ ያውም ጣሪያ ባለው አዳራሽ ውስጥ፣ በሙዚቃ። ግንዱ ጎማ ተገጥሞለት ገባ። ቦዩ የላስቲክ ገንዳ ሆነ። ሜዳ ላይ እስኪበቃው ይንደረደር የነበረ ፈረስ፣ አሁን ከግንዱ ወርዶ እግሩን ሳያስተካክል ግድግዳ ይጠብቀዋል። ዱሮ ጋላቢው መንገዱን ሁለት ቀን በእግሩ እየዞረ ያጠና ነበር፤ አሁን አሥር ደቂቃ ይሰጠዋል። አሥር ደቂቃ! እርስዎ ጫማ ለመግዛት ከዚያ በላይ ይቆማሉ።

ታዲያ አደጋ እንዳይደርስ ተብሎ ጋላቢው ሁሉ የአየር ሰደርያ ይለብሳል። ሰደርያዋ ውስጥ ጋዝ የታጨቀባት፣ ከአውራ ጣት ወፈር የምትል የብረት ጠርሙስ አለች። ከሰደርያዋ የወጣ ገመድ ከኮርቻው ጋር ይታሰራል። ሰውየው ከፈረሱ ሲወድቅ ገመዱ ይሳባል፣ ጠርሙሷ ትበሳለች፣ ሰደርያዋ በአየር ተወጥራ አንገቱንና የጎድን አጥንቱን ታቅፈዋለች። ጠርሙሷ የምትሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሟቹ። ሥራ አስኪያጁን «ችግር የለም» ነው የምንለው። ጣሪያ ሲያፈስ ችግር የለም፣ ፈረስ ሲያነክስ ችግር የለም። ኦቾሎኒ ይወዳል፤ ልጣጩን የሚተፋው የት መሰለዎት? የጋላቢ ሄልሜት ውስጥ። እኔ ነኝ የማጸዳው፤ ከነምራቁ። እና ማክሰኞ ለአዲሱ ውድድር ማስታወቂያ ፎቶ ሊነሳ ሰደርያ ለበሰ፣ ተነሳ፣ ከዚያ እንደለበሰ ወንበሩ ላይ አፉን ከፍቶ ተኛ። እንግዲህ ጋሼ፣ እርስዎ ያሳደጉኝ ልጅ ነኝ፤ ምን ላድርግ? ገመዱን ከወንበሩ እግር ጋር አሰርኩና በሩን ደብድቤ «ባለቤቱ መጡ!» አልኩ።

ብድግ አለ። ቧ!

እጆቹ ወደ ጎን ተዘርግተው ቀሩ፤ ወፍ ማባረሪያ ማሳ ላይ እንደሚያቆሙት። አንገቱ ጠፋ። ሻዩ ጣሪያ ነካ። ሁለተኛ ድምፅም ተሰምቷል፤ እሱ ግን ከሰደርያው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ቢሮው ሊገባበት አልቻለም።

አየሩን አስተንፍሼ ሰደርያዋን አስተካክዬ ቦታዋ ሰቀልኳት፤ አለቀ። «አንድ ቀልድ ብትደግሚ ከነፍራሽሽ ትወጫለሽ» ብሎኛል። ፍራሹ የሱ ነው፤ ለማንኛውም።

መርማሪ ኮፍያዎን አድርገው የተነሱትን ፎቶ ይላኩልኝ፤ ፈረሶቹን ላስፈራራበት።

ቁንጫዎ

መጋቢት 14

ለቁንጫ፣ ለወንድሜ ልጅ፤

ጤና ይብዛልሽ፤ ልቦናም ተርፎ ከተገኘ ትንሽ ይጨመርልሽ። እኛ ደህና ነን። እትዬሽ ግን «ክብር ሞተ» የሚለውን እንደሰማች የትኛው ዘመድ እንደሆነ ሳትጠይቅ ጮኸች። ጎረቤት ተሰበሰበ። ቀሪውን ያነበብኩት አሥራ አንድ ሰው ከቦኝ ነው። ሁለተኛው ድምፅ ጋ ስደርስ ምን ሆኜ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ሳቅኩ፤ አልዋሽም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ግን ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁ።

ሰሞኑን አንድ የልብስ መደብር ለፍተሻ ገብቼ ነበር። እሳት ማጥፊያው የት አለ ብል በር ማስደገፊያ አድርገውታል። አንገቱ ላይ የሴት ኮት ተሰቅሏል። ካርዱን ሳየው ከኔ በፊት የነበረው መርማሪ ገና ያልደረሱትን ወሮች ሁሉ ፈርሞባቸዋል፤ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ። ሚዛን ላይ ባወጣው ባዶ ቆርቆሮ። ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ሳይ ኖርኩ፤ እስከ ዛሬ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ያንገሸግሸኛል። ምሳዬን ሳልበላ ቤት ገባሁ።

አሁን መልሺልኝ። ጠርሙሷ የምትሠራው አንድ ጊዜ ነው ብለሻል። ፈንድታለች ብለሻል። «ሰደርያዋን አስተካክዬ ቦታዋ ሰቀልኳት፤ አለቀ» ብለሻል። ባዶዋ ጠርሙስ የት ገባች? በሷ ቦታ የገባችው ሙሉዋስ ከየት መጣች? አስምሬበት ያንኑ ገጽ መልሼ ልኬልሻለሁ፤ እዪው።

የምታጥቢውን ፈረስ ፎቶ ላኪልን። የኔን ኮፍያ ለፈረስ ማስፈራሪያ አልሰጥም።

አጎትሽ

መጋቢት 27

ለጋሼ፣ ባለቀዩ እስክሪብቶ፤

ሰላምና ጤና ለእርስዎና ለእትዬ፤ ለአሥራ አንዱም ለቀስተኛ። ይኸው የፈረሱ ፎቶ። ሻለቃ እንለዋለን፤ ማዕረጉን ያገኘው በመንከስ ነው። ስልኬን የውኃ ገንዳው ውስጥ የከተተልኝም እሱ ነው፤ ከአሁን በኋላ እኔም እንደ እርስዎ የወረቀት ሰው ሆኛለሁ።

እሱ ላይ የምትወዳደረው «ዝምታ» የምንላት ልጅ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በሰባት ወር ውስጥ ከአፏ የሰማሁት «እ»ን ብቻ ነው። ያውም አንዳንዱ ማስነጠስ ሊሆን ይችላል።

ስለ ፍተሻ ካነሱ እኔም ላንሳልዎ። ለአዲሱ ውድድር እያንዳንዱ ጋላቢ የዝግጅት ቅጽ ይሞላለታል። «በአዳራሽ ውስጥ ግንድ ዘሏል? አወዳደቅ ተለማምዷል? ሄልሜቱ ታይቷል? ሰደርያው ተሞክሯል?» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አይደል? «ችግር የለም» አሥሩን ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ፣ ጣቱን በምራቁ እያራሰ እየገለጠ፣ ከላይ እስከ ታች ራይት ራይት ራይት አደረገበት። ኦቾሎኒውን ሳያቋርጥ! የዝምታ ወረቀት ላይ የቅባት ጣት አትሞበታል። ልጅቷ አንድም ቀን አወዳደቅ አልተማረችም፤ የምንለማመድበት ፍራሽ አይጥ ወልዶበት ጥግ ላይ ይገማል። አዳራሹንም ገብታ አታውቅም። ወረቀቱ ግን ከኔ የትምህርት ማስረጃ ይበልጣል።

ስለዚህ እኔ አስተማሪ ሆንኩ። አይሳቁ። ከፈረስ ሲወድቁ እጅን ዘርግቶ መሬት መያዝ ክልክል ነው፤ አንጓ ይሰብራል። አገጭ ወደ ደረት፣ ትከሻን ሰጥቶ መንከባለል ነው። ዝምታን ገለባ ክምር ላይ አውጥቼ ወሬ አወራላታለሁ፤ ወሬው መሀል ሳታስበው እገፈትራታለሁ። ከፈረስ ስትወድቅ ማን አስጠንቅቋት ነው? በመጀመሪያው ቀን እንደ ከረጢት ወደቀች። በሳምንቱ እንደ ድመት ሆነች። አሁን ከኋላዋ ባለፍኩ ቁጥር ራሷ መንከባለል ጀምራለች፤ ትናንት ሳልነካት የሻይ ቤቱ በር ላይ ተንከባለለች።

የዘንድሮ ዝናብ እንዴት ነው? እትዬ ወገቧ ተሻላት? አንድ ያረጀ ሚዛን ቢኖርዎ ይላኩልኝ፤ ለፈረስ መኖ ነው።

ቁንጫዎ

ሚያዝያ 8

ለቁንጫ፤

ጤና ይስጥሽ። ፈረሱ ያምራል። የእትዬሽ ወገብ ደህና ነው። ለፈረስ መኖ ባልዲ ይበቃል።

ባዶዋ ጠርሙስ የት ገባች?

አጎትሽ

ሚያዝያ 19

ጋሼ፤

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ይድረስዎ፤ ዛሬ ማሳመር አልቻልኩም።

ተይዣለሁ። ባዶዋ የትም አልገባችም። ሰደርያዋ ውስጥ ናት።

የዚያን ቀን «አዲስ ጠርሙስ ስጠኝ» አልኩት። አዲሶቹ እሱ ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ ሲወጡ ምክንያቱ መዝገብ ላይ ይጻፋል። «ምን ብዬ ልጻፍ? ተኝቼ ፈነዳሁ ብዬ?» አለ። «ነገ እሰጥሻለሁ፤ ችግር የለም።» ነገ መጣ፤ ሄደ። እኔም ባዶዋን ይዤ መዞር ሰለቸኝ። የተበሳውን አፏን በማስቲካ ደፈንኩት፣ የማስቲካውን ብርማ ወረቀት በላዩ አለበስኩት፣ በጥፍሬ አለሰለስኩት። ጋሼ፣ አያምኑኝም፤ ከአዲሷ ታምር ነበር። መልሼ አሰርኳትና ሰቀልኳት። ለሁለት ቀን ያህል ነው ብዬ። እንዲያውም ኮርቼ ነበር፤ ይኼ ነው አሁን የሚያስጠላኝ። የሰው ልጅ የሚለብሰውን ነገር ባዶ አድርጌ በሥራዬ ጥራት እየተደነቅሁ እራቴን በላሁ።

በሦስተኛው ቀን የዕቃ ክፍሉን ቆለፈው፤ እኔን ሊቀጣ። ቁልፉ ወገቡ ላይ ነው። ከዚያ ሰደርያዎቹን ሁሉ ለእጥበት አስወጣና መልሶ እንዳገኘ ሰቀላቸው። ቁጥር ያለው መስቀያው ላይ እንጂ ሰደርያው ላይ አይደለም። አሥሩም ጥቁር፣ አሥሩም አንድ ዓይነት። የኔዋን ማን እንደሚለብሳት አላውቅም። ያረጀው ፈረሰኛ ባለጢሙ ሊሆን ይችላል። ዝምታም ልትሆን ትችላለች።

ትናንት ሄጄ ነገርኩት። «አንዷ ባዶ ናት፤ ክፈትልኝና ላውጣት» አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ባዶ ልትሆን አትችልም፤ ባለፈው ወር አሥሩንም ሞክሬያለሁ። ይኸው ተፈርሟል።» ወረቀቱን አሳየኝ። ቢሞክራቸው ኖሮ አንዷ ዝም ትለው ነበር እኮ! «አንተ ራስህ ፈንድተህባት የለ?» ብለው «ያ ቀልድ ነው፣ ይኼ ሰነድ ነው» አለኝ። ጥርሱ መሀል ኦቾሎኒ ነበር። እሱን እያየሁ ቆምኩ፤ ሌላ የማየው ነገር አጣሁ።

ለሌላ ሰው ከተናገርኩ ዛሬውኑ ውጪ ብሎኛል። ይኼ አራተኛ ሥራዬ ነው፤ ለዚህኛው ዋስ ሆነው የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ውድድሩ ግንቦት 9 ነው። ምን ላድርግ?

ሚዛኑን የፈለግሁት ለመኖ አልነበረም። ሙሉና ባዶ በክብደት እንደሚለይ እርስዎ ሲሉ ሰምቼ አድጌያለሁ።

ቁንጫ

ግንቦት 1

ለወንድሜ ልጅ፤

ጤናሽን ይስጥሽ። ስልክሽ ገንዳ ውስጥ መግባቱን ረስቼ አራት ጊዜ ደወልኩ። በጆሮዬ ምክንያት አልደውልም ያልኩት ሰውዬ አራት ጊዜ። አሁን ደብዳቤው ከውድድሩ በፊት ይደርስ እንደሆነ እንጃ፤ ፖስታ ቤት ራሴ ሄጄ «አስቸኳይ» የሚል ማህተም አስመትቼበታለሁ። ማህተሙን የመታችው ልጅ እያዛጋች ነበር።

አንደኛ፣ ንገሪ። ዋስ የሆንኩት አንቺ ሥራ ላይ እንድትቆዪ አይደለም። ፊርማዬ ይቃጠል፤ ሰው ከሚቃጠል።

ሁለተኛ፣ የእጅ ሚዛኔን ልኬልሻለሁ። በዓይንሽ አትመኚ፤ ዓይንን በማስቲካ እንደሚያታልሉ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። በጠርሙሷ አካል ላይ የሙሉ ክብደቷ ቁጥር ተቀርጿል፤ በጣትሽ ዳብሺው። ፈትተሽ መዝኚያት። ቁጥሩ ካነሰ ባዶ ናት፤ ማንም ቢፈርምባት።

ሦስተኛ፣ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ የልብስ ስፌት ቤት ሄድኩ። ሃያ ስምንት ሴቶች በአንድ በር። ሙቀት ነበር፣ ዘበኛው ቀዝቃዛ ውኃ አቀረበልኝ፣ ወሬ ያዝን። አራት እሳት ማጥፊያ ነበር፤ ሦስቱን መዘንኩ። አራተኛው ከጨርቅ ጥቅል በስተጀርባ ስለሆነ ሄጄ ማውጣት ሰለቸኝ። ካርዱን ግን ፈረምኩ። በወሩ ካውያ እሳት አስነሳ። ያን አራተኛውን አነሱት፤ ትንፍ አላለም። በአሸዋና በባልዲ ውኃ አጠፉት። ማንም አልተጎዳም። ማንም አልጠየቀኝም። እንዲያውም በዓመቱ ስመለስ ዘበኛው እንደገና ውኃ ሰጠኝ፤ ጠጣሁት።

የሚያቅለሸልሸኝ እሱ ነው። ውኃውን መጠጣቴ።

ለእትዬሽ እንኳን አልነገርኳትም። አንብበሽ ቅደጂው።

አጎትሽ

ግንቦት 14

ለጋሼ፤ ሰላም ለእርስዎ፣ ጤና ለጆሮዎ፤

«አስቸኳይ» ደብዳቤዎና ሚዛኑ ትናንት ደረሱኝ። ውድድሩ ካለፈ አራት ቀን ሆኖት ነበር። ማህተሙ በጣም ያምራል።

ምን እንደሆነ ልንገርዎ። ግንቦት 9 ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጋላቢዎቹ ዕቃ ክፍሉ ፊት ለፊት ተሰልፈው ሰደርያቸውን ይረከባሉ። ችግር የለም አዲስ ክራቫት አድርጓል። ዋና ዳኛዋ ቅጾቹን ይዘው ቆመዋል፤ ቀጭን፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ሴትዮ። እኔ ሻለቃን ይዣለሁ። እርስዎ ቢኖሩ ብዬ አሰብኩ፤ ኮፍያዎ እንኳን ቢኖር።

«እትዬ ዳኛ» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ጫጩት ወጣ። «ከነዚህ ሰደርያዎች አንዷ ባዶ ናት። ባዶ ያደረግኳት እኔ ነኝ። የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም።»

ችግር የለም ሳቀ። «ቀልደኛ ናት፤ አትስሟት። ችግር የለም፣ ሁሉም ተሞክሮ ተፈርሟል።»

«ፊርማዎ ነው?» አሉት ዳኛዋ።

«እንዴታ!»

ያኔ ከጎኔ አንድ ድምፅ መጣ። የማላውቀው ድምፅ። ዞር ስል ዝምታ ናት። ሰደርያዋን ለብሳ ዚፑን እስከ አንገቷ ዘግታለች።

«ጎትቺው» አለችኝ።

«እንዴ፣ ጠርሙሷ ትባክናለች እኮ...»

«ጎትቺው አልኩሽ!»

ገመዱን ያዝኩና ሳብኩ። ጋሼ፣ ምንም። ቀጭ አለች፤ በቃ። ዝምታ ደረቷን ወደ ታች አየች፤ እኔን አየች፤ እሱን አየች። ጠርሙሷን ፈትቼ አወጣሁ፣ አፏ ላይ ማስቲካዬን ፈለግሁ። ማስቲካ የለም! ቀዳዳው አፍጥጦ፣ ዳር ዳሩ ዝጎ ነው ያለው። የኔ ሥራ አይደለም። ከኔ በፊት፣ ምናልባት ከዓመት በፊት ሰው ወድቆባት፣ ከነባዶነቷ መልሰው ሰቅለዋት ኖሯል።

ከዚያ ማን ይያዘኝ። ባለጢሙን ሳብኩት፤ ቧ! ጢሙ ብቻ ቀረ። ቀጣዩን፤ ቧ! ቀጣዩን፤ ዝም። ሻለቃ ጆሮውን አጥፎ የችግር የለምን ክራቫት መብላት ጀመረ። ቧ! ቧ! ዝም። ጋላቢዎቹ እየተሽቀዳደሙ «እኔን! እኔን!» ይላሉ። ዳኛዋ አንድ ሁለት እያሉ ቅጹ ላይ ይሰርዛሉ። አሥር ሰደርያ፤ ስድስት ቧ፣ አራት ዝም። ማስቲካዬን ያገኘሁት ዘጠነኛዋ ላይ ነው፤ እስካሁን እንደ መስታወት ታበራለች። ከሌሎቹ ሦስት ሁለቱን ዓይን ያለው ሰው ፈትቶ ቢያይ ያውቃቸው ነበር፤ ከተበሱ ቆይተዋል፤ አንዷ ግን ገና አሁን ስስባት የተበሳች፣ ከዚያ በፊት ዝም ብላ ተንፍሳ ያለቀች። ያቺን ሚዛን ብቻ ነበር የሚይዛት። ማንም ፈትቷቸው አያውቅም። አንዷ ውስጥ የኦቾሎኒ ልጣጭ አገኘሁ ብልዎ ያምኑኛል? እውነቴን ነው። እንዴት እንደገባ አእምሮዬ ሊደርስበት አልፈለገም።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው እሱን አዩት። «የሞከሩት ሰደርያውን ሳይሆን እስክሪብቶዎን ነው» አሉና ወረቀቶቹን እንደ ቆሻሻ ጨርቅ በሁለት ጣት አንጠልጥለው መለሱለት። ሁሉም ሰደርያ አዲስ ጠርሙስ እስኪገባለት፣ ሁሉም ጋላቢ አዳራሹን ገብቶ አንድ አንድ ግንድ እስኪዘል ውድድሩ በአራት ሰዓት ዘገየ። ተመልካቹ አፏጨ። ያፏጭ።

ዝምታ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ወደቀች። ሻለቃ ግንዱን ዘሎ ግድግዳውን ሲያይ ቆመ፤ እሷ አልቆመችም። በአየር ላይ ስትሄድ እጇን እንዳትዘረጋ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቧ! ሲል ሰማሁ። ስገልጥ አገጯ ደረቷ ላይ ነው፤ እንደ ኳስ ሁለት ጊዜ ተንከባልላ በቂጧ ተቀመጠች። ወዲያው ዞራ አዳራሹ ውስጥ እኔን ፈለገች። የገፈተርኳት እኔ መስዬያት ነው።

ደብዳቤዎን አልቀደድኩትም። ያን ውኃ እኔም አውቀዋለሁ፤ የኔው ማስቲካዬን ደፍኜ የበላሁት እራት ነበር።

ቁንጫዎ

ግንቦት 27

ለቁንጫ፤

ጤና ካንቺ ጋር ይሁን። ሦስት ነገር ብቻ።

ያንቺ አንድ ባዶ፣ የሌላው ሦስት ባዶ ስለተገኘ ሙሉ አይሆንም። ደስ እንዳይልሽ።

መመዘን ሲቻል አሥሩንም ማፈንዳት የእብድ ሥራ ነው። በቀይ አስምሬበታለሁ።

ያን ስድስት ቧ ግን በደህናው ጆሮዬ ብሰማው ደስ ይለኝ ነበር። የስፌት ቤቱን ነገር ለእትዬሽ ነገርኳት። «ይኼን ይዘህ ነው ሠላሳ ዓመት ምግቤ ላይ ፊትህን የምታጠፋው?» አለችኝ። አሁን አባረሩሽ ወይስ አላባረሩሽም?

አጎትሽ

ሰኔ 10

ለአጎቴና ለእትዬ፣ በጋራ፤ ሰላምና ሳቅ ለቤታችሁ፤

አልተባረርኩም። ዳኛዋ «ይህች ልጅ በየሳምንቱ ትመዝናለች» ብለው ጽፈው ሄዱ። የእርስዎ ሚዛን ዕቃ ክፍሉ መሀል ተሰቅሏል፤ ቀይ እስክሪብቶም ገዝቻለሁ። ፍራሹን አይጧን ከነልጆቿ አስወጥቼ አጥቤዋለሁ፤ አሁን ጋላቢው ሁሉ እየመጣ «ግፊኝ» ይለኛል። ሕይወት እንዲህ ጣፋጭ ትሆናለች ብዬ አልጠበቅሁም።

ችግር የለምም አልተባረረም። አይግረምዎ። እንዲያውም ትናንት ጠርሙሶቹ መመዘናቸውን የሚያረጋግጥ አዲስ ቅጽ አውጥቶ፣ የመጪውን ሦስት ወር ከወዲሁ ፈርሞበት አገኘሁት። ጥጉ ላይ የቅባት ጣት አለ። ወጥቼ ፋንድያ ሳሸትት ነው ትንሽ የተሻለኝ።

ስለዚህ በየካቲት ያረዳሁትን መርዶ እሰርዛለሁ። ማንም አልሞተም። የሟቹም ክብር ቢሆን ተፈልጎ አልተገኘም፤ ቀድሞም አልነበረም። አጠቃላይ ጉዳቱ እነሆ። ዝምታ ስትንከባለል ምላሷን ነክሳ ሁለት ቀን አልተናገረችም፤ ልዩነቱን ያስተዋለ የለም። ክራቫቱ ሻለቃ ሆድ ውስጥ አድሮ በማግስቱ ወጥቷል። ድመቷም ተመልሳለች።

ሙሉዋን ጠርሙስና ባዶዋን በእርስዎ ሚዛን አስተያየኋቸው። ልዩነታቸው አርባ አምስት ግራም ነው፤ አንድ እንቁላል እንኳን አይሞላም። ይህን ሁሉ ቀለም የፈጀነው፣ ጎረቤት የሰበሰብነው ለሷ ነው። እንዲያው ሲታይ ትንሽ ነገር ነበር።

ቁንጫችሁ